አቤት የሚባለው ለማን ነው? የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ የቤት ውስጥ ጥቃትና የዳኝነት ሥልጣን

አሜሪካ ላለን ሐበሾች «ቫዋ» እንግዳ ቃል አይደለም። በ1994 የወጣው፣ በሴቶች ላይ የሚፈጸምን ጥቃት የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ መጠሪያ ነው። ባሏ እየደበደባት «ወረቀትሽ በእጄ ነው» እያለ የሚያስፈራራት ሴት፣ ሰውየው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ እሱን ሳታስፈቅድ ራሷ ማመልከት የቻለችው በዚህ ሕግ ነው። የሚደበደብ ባልም ይጠቀምበታል። ቡና ላይ «በቫዋ አመለከተች እኮ» ሲባል ያልሰማ ጥቂት ነው።

ያው ሕግ ግን ብዙዎቻችን ገልጠን የማናየው ምዕራፍ አለው። እሱ ስለ ስደተኛ አይደለም። ከማንም በፊት እዚያ ምድር ላይ ስለነበሩት ሰዎች ነው። ነገሩ የጠበቃ ጉዳይ ይመስላል፤ ውስጡ ሲገባ ግን አንዲት ሴት በሌሊት ስልክ ስትደውል ማን ይመጣል የሚል ጥያቄ ነው። ከአንድ ታሪክ ልጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ የሳውዘርን ዩት ሕዝብ ምድር አለ። የዚያ ተወላጅ የሆነች አንዲት ሴት በ26 ዓመቷ ከየትኛውም ነባር ሕዝብ ያልተወለደ ሰው አገባች። ሰውየው እሷ ቤት ገባ። ከዚያ ዱላው ጀመረ። ጥፊ፣ ርግጫ፣ ቡጢ። ኋላ ዋሽንግተን ድረስ ሄዳ በሕዝብ ፊት ስትናገር ከ100 ጊዜ በላይ ነው ብላለች።

ለጎሳው ፖሊስ ደወለች። ሰውየው የነባር ሕዝብ ተወላጅ ስላልሆነ ሊከሱት አይችሉም። በግዛቱ ሕግ ለሚሠራው የአካባቢው ፖሊስ፣ ለካውንቲው ሸሪፍ፣ ደወለች። እሷ የጎሳው አባል ናት፣ ቤቱም በጎሳው ምድር ላይ ነው፤ ስለዚህ እነሱንም አይመለከትም። አንድ ቀን ከደበደባት በኋላ ስልኩን ያነሳው እሱ ራሱ ነው። ሸሪፎቹን ጠራቸው። ማንም ምንም እንደማያደርገው ሊያሳያት ነው። መጡ፣ አዩ፣ ሥልጣን እንደሌላቸው ነገሯት፣ ሄዱ።

በመጨረሻ ጥላው ወጣች። እሱ ሽጉጥ ይዞ መሥሪያ ቤቷ መጣ። ሲተኩስ የሥራ ባልደረባዋ ገፍትሮ አተረፋትና ጥይቱ የባልደረባዋን ትከሻ መታው። ያን ጊዜም መርማሪዎች ሜትር አውጥተው ከሽጉጡ አፈሙዝ እስከ ጥይቱ ማረፊያ ለኩ። ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለማወቅ። ሰውየው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ደግሞ፣ በነዚያ ሁሉ ዱላዎች አንድም ጊዜ ተከስሶ ስለማያውቅ፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ ተደርጎ ተቆጠረለት።

እኛ አገር በድሮ ጊዜ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ካለበት ንቅንቅ አይልም ነበር። ይህች ሴት ግን በየትኛው ሕግ አምላክ ትበል? የጎሳው መንግሥት አለ። የግዛቱ መንግሥት አለ። የፌዴራሉ መንግሥት አለ። ሦስት መንግሥት ከብቧት ሰውየው ቤቷ ውስጥ እንደልቡ ነበር።

ለመሆኑ እነዚህ ሕዝቦች እነማን ናቸው?

በልጅነታችን በካውቦይ ፊልም ያየናቸውን «ቀይ ሕንዶች» እንላቸው ነበር። ስሙ ኮሎምበስ ሕንድ የደረሰ መስሎት ከፈጠረው ስህተት የመጣ ነው። በጥቅሉ ኔቲቭ አሜሪካን ወይም የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ይባላሉ። ብዙዎቹ የሚመርጡት ግን የየራሳቸውን ስም ነው፦ ናቫሆ፣ ቸሮኪ፣ ላኮታ፣ ቱላሊፕ። የፌዴራሉ መንግሥት በይፋ የሚያውቃቸው ከ570 በላይ ናቸው።

«ጎሳ» የሚለውን ቃል የምጠቀመው ሌላ የተለመደ ቃል ስለሌለን ነው። እነዚህ ግን የዘር ሐረግ ብቻ አይደሉም፤ መንግሥታት ናቸው። ከአሜሪካ ጋር ቃል ኪዳን የተፈራረሙ፣ የራሳቸው ምክር ቤት፣ ብዙዎቹም የራሳቸው ፖሊስና ፍርድ ቤት ያላቸው። በሕግ የተከለለላቸው ምድር ሪዘርቬሽን ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሪዘርቬሽን ውስጥ የሚኖሩት የጎሳው አባላት ብቻ አይደሉም። በ1887 የወጣ ሕግ የጋራ መሬታቸውን ለየግለሰቡ ሸንሽኖ የተረፈውን ለውጭ ሰው እንዲሸጥ አደረገ። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ቦታ የጎሳው ተወላጅና ከውጭ የመጣ ሰው አጥር ለአጥር ይኖራሉ። ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይጣላሉ።

«የዳኝነት ሥልጣን» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ፍርድ ቤት ወይም ፖሊስ «ይህ ጉዳይ የእኔ ነው» ለማለት ያለው መብት ነው። ሥልጣኑ የሌለው ዳኛ ጥፋቱን በዓይኑ ቢያይ እንኳ መፍረድ አይችልም።

ሁለት ቀበሌ ወሰን ላይ የተሠራ ቤት አስቡ። ሳሎኑ በአንዱ፣ ጓዳው በሌላው። ጠቡ ጓዳ ውስጥ ከሆነ የዚያኛው ነው ይባላል። ይህ ብቻውን ያደክማል። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ ጨምሩበት፦ የቀበሌው ሹም ከመምጣቱ በፊት የተማቺዎቹን መታወቂያ መጠየቅ አለበት። መቺው የዚህ ሰፈር ተወላጅ ነው? ተመቺዋስ? መልሱ በተለዋወጠ ቁጥር ሹሙም ይለዋወጣል።

የነባር ሕዝቦች ምድር ላይ የሚሠራው ይኸው ነው። ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፦ የት ነው የተፈጸመው? የፈጸመው ማን ነው? የተፈጸመበትስ? ሁለቱም ነባር ከሆኑ ጎሳው ይዳኛል፤ ከባድ ወንጀል ከሆነ ደግሞ የፌዴራሉም ይገባበታል። ሁለቱም የውጭ ሰዎች፣ ማለትም የነባር ሕዝብ ተወላጅ ያልሆኑ፣ ከሆኑ የግዛቱ ነው። መቺው የውጭ፣ ተመቺዋ ነባር ከሆነች ግን ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ቦታ መልሱ «የፌዴራሉ ብቻ» ነበር። የኮሎራዶዋ ሴት የወደቀችው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው። አንዲት ጥፊ ለማስከሰስ ወንበዴና አሸባሪ የሚያሳድደውን የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ መጥራት ነበረባት።

ይህ ሁሉ ውጥንቅጥ ከየት መጣ?

በ1881 የዛሬዋ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ ሮዝባድ በሚባለው የላኮታ ምድር፣ ክሮው ዶግ የሚባል ሰው ስፖትድ ቴይል የተባለውን መሪ ገደለ። ሁለቱም የአንድ ሕዝብ ልጆች ናቸው። እንደ ባህላቸው ተቀመጡና ገዳይ ለሟች ቤተሰብ 600 ዶላር፣ 8 ፈረስና 1 ብርድ ልብስ እንዲከፍል ተስማሙ። ተከፈለ፤ ደም ደረቀ። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የደም ካሳ፣ ጉማ የምንለው ነው።

የነጮቹ ባለሥልጣናት ግን አልተዋጠላቸውም። ሰውየውን ወስደው ከሰሱት፣ ሞት ፈረዱበት። በ1883 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ። በነባር ሕዝቦች መካከል የተፈጸመን ግድያ ለመዳኘት የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም አለ። አገር ተቆጣ። «ገዳይ በፈረስ ካሳ ተለቀቀ» ተባለ። ኮንግረስም በ1885 ሕግ አወጣ። ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ቃጠሎና የመሳሰሉት 7 ከባድ ወንጀሎች ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተዛወሩ።

ከዚያ በኋላ አንዱ ሕግ በሌላው ላይ ተደራረበ። በ1953 ካሊፎርኒያን፣ ሚኒሶታን፣ ኦሪገንን የመሳሰሉ ግዛቶች በአብዛኛው የነባር ሕዝብ ምድራቸው ላይ የወንጀል ሥልጣን ተሰጣቸው፤ ጎሳዎቹ ሳይጠየቁ። በ1968 ደግሞ የጎሳ ፍርድ ቤት የሚቀጣው ጣሪያ ተወሰነ፦ ከ6 ወር እስርና ከ500 ዶላር አይበልጥም። በ1986 ወደ 1 ዓመትና 5,000 ዶላር ከፍ አለ። ጎሳው የራሱን ተወላጅ እንኳ በአስገድዶ መድፈር ቢፈርድበት ለአንድ ጥፋት የሚሰጠው ከዚህ አያልፍም ነበር።

በሱኳሚሽ በዓል ሌሊት ምን ተፈጠረ?

የጉዳዩ ማጠፊያ ይህ ስለሆነ ዘለግ አድርጌ ልንገራችሁ።

ከሲያትል ከተማ ባሕሩን ተሻግሮ ፖርት ማዲሰን የሚባል የሱኳሚሽ ሕዝብ ሪዘርቬሽን አለ። ሲያትል ስሟን ያገኘችው ከእነሱ መሪ ነው። በየዓመቱ በነሐሴ ለእሱ መታሰቢያ በዓል ያደርጋሉ። ሺዎች ይመጣሉ። በ1973 ጎሳው ከበዓሉ በፊት የጸጥታ እርዳታ ጠየቀ። ካውንቲው 1 ፖሊስ ለ8 ሰዓት ብቻ ሰጠ። የፌዴራሉ ቢሮ ደግሞ በራሳችሁ ሰውና በራሳችሁ ገንዘብ ተወጡት አለ። ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ እዚያው ነዋሪ የሆነ ነገር ግን የጎሳው አባል ያልሆነ ኦሊፋንት የተባለ ሰው የጎሳውን ፖሊስ በመምታትና እጅ አልሰጥም በማለት ተያዘ። በዚያ ሰዓት ከጎሳው ፖሊስ በቀር ሌላ ሕግ አስከባሪ በቦታው አልነበረም።

ሰውየው «እናንተ እኔን ልትዳኙ አትችሉም» ብሎ ተከራከረ። የታች ፍርድ ቤቶች ለጎሳው ፈረዱ። በ1978 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ2 በሆነ ድምፅ ገለበጠው። ኮንግረስ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ጎሳዎች የውጭ ሰውን በወንጀል የመዳኘት ሥልጣን የላቸውም አለ። በፍርዱ ላይ እንደተጠቀሰው በዚያ ሪዘርቬሽን ከሚኖሩት የጎሳው አባላት 50 ያህል ብቻ ሲሆኑ የውጭዎቹ ወደ 3,000 ይጠጋሉ። የ1887ቱ የመሬት ሕግ ውጤት መሆኑ ነው። ያ ቁጥር ግን በአንድ ሰፈር ያለ ነው፤ ፍርዱ የተፈረደው በመላ አገሪቱ ባሉት ሁሉ ላይ ነው።

ክርክሩ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት አልነበረም። ስለ በዓል ግርግር ነበር። ዞሮ ዞሮ ዋጋውን የከፈሉት ግን በየቤታቸው ያሉ ሴቶች ናቸው። ከውጭ የመጣ ባል ሪዘርቬሽን ውስጥ ሚስቱን ቢደበድብ፣ ስልክ ሲደወል በ5 ደቂቃ የሚደርሰው የጎሳው ፖሊስ ያዝ አድርጎ ለሌላ ከማስረከብ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም ነበር።

ፍርዱ በመጨረሻው አንቀጽ አንድ በር ክፍት ትቷል። የጎሳ ፍርድ ቤቶች እየዘመኑ መምጣታቸውንና የውጭ ሰዎች ወንጀል ችግር መሆኑን እንረዳለን፤ ይህን መመዘን ያለበት ግን ኮንግረስ ነው ይላል። በዚያ በር ለመግባት 35 ዓመት ፈጀ።

የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግስ የት ነበር?

ሩቅ። ይህ በቀጥታም በዘይቤም እውነት ነው። ቢሮው ከሪዘርቬሽኑ የሰዓታት መንገድ ሊሆን ይችላል። መርማሪ እስኪደርስ ቁስል ይሽራል፣ ምስክር ይሸሻል፣ የተጎዳችው ሴት ትፈራለች። የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2010 ባወጣው ምርመራ፣ ከ2005 እስከ 2009 ከነባር ሕዝቦች ምድር ለፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ከቀረቡ ጉዳዮች ግማሹ ሳይከሰስ ተዘግቷል። ከወሲባዊ ጥቃትና ከተያያዥ ጉዳዮች 67 በመቶው እንዲሁ። ለመዝጋቱ አንዱ ዋና ምክንያት በቂ ማስረጃ አለመኖሩ ነው።

የቤት ውስጥ ጥቃት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በአንድ ቀን አይገድልም። በጥፊ ይጀምራል፣ ወደ ርግጫ ያድጋል፣ አንገት ወደ ማነቅ ይደርሳል። ማስቆም የሚቻለው ከታች፣ ገና ትንሽ ሲመስል ነው። ሥርዓቱ ግን የተሠራው በተቃራኒው ነው። የፌዴራሉ ክንድ የሚነሳው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነበር። ማነቅን ስንኳ ለብቻው እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ያደረገው የ2013 ማሻሻያ ነው። አንቆ የለቀቀ ብዙ ጊዜ ምልክት አይተውም። ለዚህ ነው እንደ ቀላል ዱላ ሲታለፍ የኖረው።

ጥናት ይህን እንዴት ለወጠው?

ለረጅም ጊዜ ይህ ሁሉ በየመንደሩ የሚታወቅ፣ በወረቀት ግን የሌለ ነገር ነበር። ሴቶቹ ይናገራሉ፤ «ማስረጃሽ የታል?» ይባላሉ። በ2007 አምነስቲ ኢንተርናሽናል በስታንዲንግ ሮክ ሪዘርቬሽን፣ በኦክላሆማና በአላስካ ላይ ያተኮረ ምርመራ አወጣ። የሥልጣን ውዝግቡ ራሱ ጥቃት ፈጻሚዎችን እንደሚከልል በየታሪኩ አሳየ። በዚያ ሥራ ከተሳተፉት አንዷ ሳራ ዲር ናቸው። የማስኮጊ ክሪክ ሕዝብ ተወላጅ የሕግ ምሁር ናቸው። አብዛኛው የሕግ ጥናት ከፍርድ ቤት ውሳኔ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። እሳቸው ከተደፈረችው ሴት ተነሥተው ወደ ውሳኔው ወጡ። «ይህ ፍርድ በእሷ ላይ ምን አደረገ?» ብለው ጠየቁ። ለኮንግረስ የቀረበው ክርክር ከእንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ወስዷል።

ከዚያ ቁጥሩ መጣ። የፍትሕ ሚኒስቴር የጥናት ክፍል በ2016 ያወጣው ትንታኔ ከ2,400 በላይ ነባር ሴቶችን ይሸፍናል። 84.3 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከግማሽ በላይ፣ 55.5 በመቶ፣ በባል ወይም በፍቅር ጓደኛ ተደብድበዋል። ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው 56.1 በመቶ ናቸው።

ሌላ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስና ብዙ ጊዜ የሚዛባ ቁጥር አለ። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 97 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ የነባር ሕዝብ ተወላጅ ባልሆነ ሰው ተጠቅተዋል። ይህ ማለት ከ100 ጥቃት 97ቱን የሚፈጽመው የውጭ ሰው ነው ማለት አይደለም። አንዲት ሴት በሕይወቷ በብዙ ሰው ልትጠቃ ትችላለች። ከነዚያ መካከል አንዱ የውጭ ሰው ከሆነ ቁጥሩ ውስጥ ትገባለች። ጥናቱ ደግሞ ሪዘርቬሽን ውስጥ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ከተማ የሚኖሩትንም ይጨምራል። ቢሆንም የሕጉ ቀዳዳ ጥቂቶችን ብቻ የሚነካ ነው ለሚል ሰው በቂ መልስ ነው።

የ2013ቱ ሕግ ምን አደረገ?

ቫዋ በየጊዜው መታደስ አለበት። በ2012 ሊታደስ ሲል የነባር ሴቶች አንቀጽ ተጨመረና ሙግቱ ተነሣ። በዋሽንግተን ግዛት የቱላሊፕ ሕዝብ ምክትል ሊቀመንበር የነበሩት ዴቦራ ፓርከር ያን ጊዜ የኮንግረሱ ሕንፃ ውስጥ ቆመው በራሳቸው ላይ በልጅነታቸው የደረሰውን ተናገሩ። ለሕዝብ ተናግረውት የማያውቁትን ነበር። ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነበር፦ የውጭ ሰው በጎሳ ፍርድ ቤት ፍትሕ ያገኛል ወይ?

ሕጉ በመጋቢት 2013 ጸደቀ። ጎሳዎች የውጭ ሰውን በሦስት ነገር መዳኘት ቻሉ፦ በትዳር ውስጥ ጥቃት፣ በፍቅር ጓደኝነት ውስጥ ጥቃትና የጥበቃ ትዕዛዝን በመጣስ። የጥበቃ ትዕዛዝ «ወደ እሷ እንዳትቀርብ» የሚል የፍርድ ቤት ወረቀት ነው። በዚያን ጊዜ ተከሳሹ ከምድሪቱ ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይገባ ነበር፤ እዚያ የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም የተወላጇ ባል ወይም ጓደኛ መሆን ነበረበት። አላፊ አግዳሚውን አይመለከትም ነበር።

ለተከሳሹም መከላከያ ተደረገ። ድሃ ከሆነ በጎሳው ወጪ ጠበቃ ይቆምለታል። ዳኛው ሕግ የተማረ መሆን አለበት። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚሉት ሰዎች፣ የጎሳው አባላት ብቻ እንዳይሆን ከአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ይመረጣል። ያልተስማማው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

በ2014 የካቲት ሦስት ጎሳዎች ለሙከራ ጀመሩ፦ በአሪዞና ፓስኩዋ ያኪ፣ በዋሽንግተን ቱላሊፕ፣ በኦሪገን ዩማቲላ። የመጀመሪያው የጁሪ ችሎት የተካሄደው በፓስኩዋ ያኪ ነው። ተከሳሹ ነጻ ወጣ፤ ጁሪው በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ግንኙነት ሕጉ የሚጠይቀው ዓይነት መሆኑን አላመነበትም። በ5 ዓመት ውስጥ 18 ጎሳዎች 128 ሰዎችን በ143 እስር ይዘው 74 ጊዜ ጥፋተኛ ተብሏል፣ 5 ጊዜ ነጻ ተብሏል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ከእያንዳንዱ ጀርባ ግን ቀድሞ «አይመለከተንም» ይባል የነበረ ቤት አለ።

ሥራ ሲጀመር አዲስ ቀዳዳ ታየ። ፖሊስ ይሄዳል፣ ባልየውን ይይዛል። ሰውየው ሚስቱን ብቻ ሳይሆን ልጆቹንም መትቷል። ጎሳው በሚስቲቱ ይከሰዋል፤ በልጆቹ መክሰስ አይችልም። ሲይዙት ፖሊሱን ቢመታ፣ በዚያም አይከሰስም። ከጉዳዮቹ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ደግሞ ልጆች በቦታው ነበሩ ወይም ተጎድተዋል።

የነባር ሕዝቦቹ ወንዶች መብትስ?

ይህ ጥያቄ ሲነሣ አንዳንዶች ያኮርፋሉ። መነሣት ግን አለበት። ሴትን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ድሃ ተከሳሽንም ሲነካ ይታያልና።

በጎሳ ፍርድ ቤት ለአጭር እስር የሚከሰስ ተወላጅ፣ በፌዴራል ሕግ በነጻ ጠበቃ የማግኘት መብት የለውም። አንዳንድ ጎሳዎች ይሰጣሉ፤ ግዴታ ግን የለባቸውም። በ2005 የወጣ ሕግ ደግሞ በጎሳ ፍርድ ቤት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው ሌላ ቢደግም በፌዴራል ከባድ ወንጀል ይከሰሳል ይላል። ታዲያ ያለ ጠበቃ የተሰጡት የቀድሞ ፍርዶች ይቆጠሩበታል? ጥያቄው ከሰሜን ቼየን ምድር፣ ከሞንታና፣ ብራያንት በሚባል ተከሳሽ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰውየው ከ100 በላይ የጎሳ ፍርድ ነበረበት፤ በርከት ያሉት ሴት በመደብደብ ናቸው። ፍርድ ቤቱ በ2016 በሙሉ ድምፅ ይቆጠሩበታል አለ።

ለተደበደቡት ሴቶች ትልቅ እፎይታ ነበር። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ከውጭ የመጣው ተከሳሽ በ2013ቱ ሕግ በዚያው ፍርድ ቤት ጠበቃ የተረጋገጠለት ሲሆን፣ ተወላጁ ግን በጎሳው በጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተለያየ መብት አላቸው።

በ2022 ምን ተለወጠ?

ሁለት ነገር፣ በተለያየ አቅጣጫ።

በመጋቢት 2022 ቫዋ ሲታደስ የጎሳዎች ሥልጣን ሰፋ። በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃት፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ሴትን እየተከታተሉ ማስፈራራት፣ ለወሲብ ንግድ ማዘዋወርና ፍትሕን ማደናቀፍ ተጨመሩ። ከነዚህ ወንጀሎች ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ ያለን የጎሳ ፖሊስ መምታትም ተጨመረ። ሱኳሚሾች በ1973 ሌሊት ሊከሱበት ፈልገው የተከለከሉት ፖሊስን የመምታት ጥፋት፣ በዚህ ውስን መልኩ ለጎሳዎች ተመለሰ።

በሰኔ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከኦክላሆማ በመጣ ጉዳይ፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የውጭ ሰው በነባር ሰው ላይ ወንጀል ከፈጸመ ግዛቶችም ከፌዴራሉ ጎን ሊከሱ ይችላሉ አለ። ጉዳዩ በእንጀራ አባቷ ተጥላ ስለተጎሳቆለች የ5 ዓመት ልጅ ነበር። ሕፃኗ የቸሮኪ ተወላጅ ናት። የኮሎራዶዋ ሴት ዛሬ ብትደውል ሸሪፉ «ሥልጣን የለኝም» ማለት አይችልም። ብዙ ጎሳዎች ግን በውሳኔው አዝነዋል። ሳይጠየቁ ሌላ ጌታ ቤታቸው ገባ፤ ሦስት ከሳሽ ያለበት ቦታ ደግሞ እያንዳንዱ «ሌላው ይከሰዋል» ብሎ ሊተው ይችላል ይላሉ። ይህ ስጋት ከባዶ አልመጣም። በ1953ቱ ሕግ ሥልጣን የተሰጣቸው ግዛቶች ከሥልጣኑ ጋር ገንዘብ ስላልተሰጣቸው፣ ጎሳዎቹ ፖሊስ አይደርስልንም እያሉ ሲያማርሩ ኖረዋል።

ታዲያ ችግሩ ተፈታ?

ሕጉ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። ጎሳው ራሱ ወስኖ፣ ፍርድ ቤቱን በተጠየቀው ልክ አደራጅቶ መግባት አለበት። ለዚህ ገንዘብ ያስፈልጋል። ጠበቃ፣ ሕግ የተማረ ዳኛ፣ እስር ቤት፣ የታሳሪ ሕክምና፤ ይህ ሁሉ መጀመሪያ የሚወጣው ከጎሳው ኪስ ነው። እስካሁን የጀመሩት ካሉት ከ10 አንዱን እንኳ አይሞሉም።

ከሁሉ የሚከብደው አላስካ ነው። እዚያ ከ220 በላይ ጎሳዎች አሉ፤ ሪዘርቬሽን ያለው ግን አንድ ብቻ ነው፣ ሜትላካትላ። ስለዚህ የ2013ቱ ሕግ ሌሎቹን ሁሉ አለፋቸው። ብዙዎቹ መንደሮች መንገድ የላቸውም። በትንሽ አውሮፕላን ወይም በጀልባ ነው የሚደረስባቸው። ፖሊስ የሌላቸው አሉ። ሴትየዋ ደውላ የግዛቱ ፖሊስ ሊመጣ ቢነሣ፣ ደመናው ካልገለጠ አውሮፕላኑ አይነሣም። አንድ ቀን ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ቀንም ሊሆን ይችላል። እሷና የደበደባት ሰው በአንድ መንደር፣ ምናልባትም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ የአየሩን መከፈት ይጠብቃሉ።

የ2022ቱ ሕግ ለአላስካ መንደሮች የሙከራ በር ከፍቷል። በየዓመቱ ጥቂቶች እየተመረጡ የውጭ ሰውንም ጨምሮ በመንደራቸው ጥቃት የፈጸመውን መዳኘት ይችላሉ። ለመመረጥ ግን ጠበቃውንም፣ ሕግ የተማረውን ዳኛም፣ ጁሪውንም ማሟላት አለባቸው። ማመልከቻውን የሚጽፉት ደግሞ ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባቸው፣ አንዳንዴም አንድ ፖሊስ እንኳ የሌላቸው መንደሮች ናቸው።